ጁፒተር የሚባል ክፍል

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ክብ መሳል በሕግ መከልከል አለበት! ሳቁ... እኔን ያገኘኝ ሲያገኛችሁ እንተያያለን።

ዘንድሮ ጋምቤላ ውስጥ ሰው ስለ ሙቀቱ ማማረር ትቷል። ወሬው ሁሉ መዋቅር ነው። ክልል ሆነናላ! ቢሮ በየሳምንቱ ይወለዳል፤ ማን ከተማ ይቀራል፣ ማን ወረዳ ይወርዳል እያለ ሁሉም ይባንናል። እኔም ጭንቀቴ ይኸው ነው። ካገባሁ ዓመት አልሞላኝም፤ ባለቤቴ አሪየት እዚሁ ከተማ ሳይንስ ታስተምራለች። ወረዳ ከወረድኩ ትዳሬ በጭነት መኪና መመላለሱ ነው።

በቢሯችን አንድ ኮምፒውተርና አንድ ቬንትሌተር አለ። ቬንትሌተሩ ወደ ማን እንደዞረ ገምቱ... እኛማ በላብ እንታጠባለን! ኮምፒውተሩን የምነካው እኔ ብቻ ስለሆንኩ የቢሮውን መዋቅር እንድስል የታዘዝኩትም እኔው ነኝ።

ታዲያ አሪየት ከአዲስ አበባ አንድ ሲዲ አስመጣች። ፕላኔቶችን ከነጨረቃዎቻቸው የሚያሳይ ፕሮግራም ነው። በማግስቱ ተማሪዎቿን ቢሯችን ልታመጣ ስለሆነ በምሳ ሰዓት ከፍቼ ሞከርኩት። ጁፒተር መሃል ቂብ አለ፤ አራት ጨረቃዎች መንገዳቸውን በቀለም እያሰመሩ ይዞሩታል። ፍጥነቱን ስትጨምሩት ሳምንቱ ዓይናችሁ እያየ ይነጉዳል። እኔ አፌን ከፍቼ ሳለ ከኋላዬ ድምፅ መጣ።

«ጎበዝ! መዋቅሩን ጨረስከው ማለት ነው?»

ኃላፊያችን አቶ ኦጁሉ! የሒሳብ ክፍሏን ወይዘሮ አልማዝን አስከትለዋል።

«ኧረ ይሄ ጁፒተር ነው፣ አቶ ኦጁሉ።»

«ጁፒተር? እንዲህ የሚባል ክፍል መቼ ተቋቋመ?»

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሳላችሁ?

«መሃል ያለው ትልቁ እኔ ነኝ?» አሉ ጠጋ ብለው። «ይሄን ያህል ወፍሬያለሁ?»

«የኔ ክፍል የቷ ናት?» አለች ወይዘሮ አልማዝ።

«ይቺ... አጠገባቸው ያለችው።»

«ምነው እንዲህ ታሯሩጠኛለህ?»

«ስብሰባ ስለሚበዛብሽ ነው!»

ሁለቱም ሳቁ። እኔም ሙቀት ተሰማኝ... የመሞገስ ሙቀት።

«ያቺስ? ከሁሉ ርቃ የምታዘግመው?» አሉ አቶ ኦጁሉ።

ምላሴ! ቢቆረጥ ምን ነበር! «እሷማ ጎግ ወረዳ ናት» አልኩ። «ወጣትና ጎበዝ ባለሙያ ነው የሚያስፈልጋት!» በሆዴ አንዱን ባልደረባዬን ሸኝቼ መጨረሴ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ምደባው ተለጠፈ። ከስሜ ትይዩ ምን ተጽፎ ነበር? ጎግ! እየሮጥኩ ቢሯቸው ገባሁ።

«አቶ ኦጁሉ፣ ያ እኮ መዋቅር አይደለም! እውነተኛ ጁፒተር ነው! ሰማይ ላይ ያለው!»

«አውቃለሁ» አሉ ረጋ ብለው። «አስተማሪ ሳለሁ በጠመኔ ስስለው ኖሬያለሁ። አንተ ክፍል እንዳልሆነ መቼ እንደምትናገር ነበር የምጠብቀው።»

«ታዲያ ጎግ...»

«ጎግን ያመጣኸው አንተ ነህ። ወጣትና ጎበዝ አልክ፤ እኔ ደግሞ ዙሪያዬን ባይ ባይ ከአንተ ሌላ አጣሁ።»

ሙገሳ ነው፣ ምን ትሏቸዋላችሁ? አመስግኜ ወጣሁ።

ከሰዓት አሪየት ተማሪዎቿን ይዛ መጣች። ምደባውን በር ላይ አንብባዋለች። ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ተማሪዎቹ ኮምፒውተሩን ከበው ሲንጫጩ እሷ ጣቷን ሩቋ ጨረቃ ላይ አሳረፈች።

«ይቺ ቶሎ ዞራ እንድትመጣ ማድረግ አይቻልም?»

«ይቻላል» አልኩና የፍጥነቱን ቁልፍ ተጫንኩ። ጨረቃዋ እየበረረች ዞራ መጣች። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ።

አሪየት አላጨበጨበችም። በመስኮት ዝናብ ያዘለውን ደመና አየች፤ ክረምት ሲገባ የጎግ መንገድ ጭቃው መኪና እንደማያሳልፍ ከእኔ በላይ ታውቃለች።

«ለጎግ መንገድስ» አለችኝ፣ «የሚጫን ቁልፍ አለህ?»