ሠርጌን ያራዘሙት ሁለት ዓሦች

እንስሳ የሚወድ ሰውና የእንስሳውን ቤት የሚያጸዳ ሰው አንድ ሆነው አይቼ አላውቅም። ወዳጁ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ያደንቃል፤ አጽጂው እጅጌውን ሰብስቦ ይጎነበሳል። ፈረስም ይሁን ጭልፊት፣ ግመልም ይሁን ዓሣ፣ ነገሩ ያው ነው። ይህን የሚያህል ትልቅ እውነት ከየት አገኘኸው ብትሉኝ፣ ከዩኒቨርሲቲ አይደለም። ሪያድ ውስጥ መላዝ በሚባለው ሰፈር፣ እጄን እስከ ክርኔ ውኃ ውስጥ ነክሬ ነው ያገኘሁት።

እኔ ሾፌር ነኝ። ቢያንስ ኢቃማዬ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዴ፣ እንደዚያ ይላል። ስሜ ጌታቸው ነው፤ አሠሪዬ አቡ ማጂድ ግን ስሙ ለምላሱ ስለረዘመበት «ጌታ» ብሎ አሳጠረው። «ጌታ፣ መኪናውን እጠብ»፣ «ጌታ፣ ቆሻሻውን አውጣ» ሲለኝ የሰማ አበሻ ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል። ትርጉሙን ልነግረው ብዙ ጊዜ አስቤ ተውኩት። እንዲህ ያለ ማዕረግ ከየት ይገኛል?

አቡ ማጂድ ክፉ ሰው አልነበረም። ከመሥሪያ ቤት በጡረታ የወጣ አለቃ ነው፤ አለቅነቱ ግን አብሮት ጡረታ አልወጣም። ችግር የሆነበት የሚስቱ ወንድም ነበር። ሰውየው ጭልፊት ገዛና በየግብዣው ክንዱ ላይ አስቀምጦ መንጎራደድ ጀመረ። አቡ ማጂድ ሰላም አጣ። ጭልፊት ቢገዛ ኮረጀ ሊባል ነው። ስለዚህ መላዝ ውስጥ ማንም የሌለውን ነገር ፍለጋ ተነሣ፤ እኔም እየነዳሁ ሱቅ ለሱቅ አዞርኩት። አንድ ቀን ከአንድ ዓሣ መሸጫ ገባና የመስታወት ገንዳ ፊት ተገትሮ ቀረ።

ገንዳው ውስጥ እንደ ትሪ ክብና ጠፍጣፋ የሆኑ ሁለት ጥቁር ዓሦች አሸዋ ላይ ተኝተዋል። ጀርባቸው ነጭ ነጠብጣብ የፈሰሰበት ይመስላል። ዓይናቸው አናታቸው ላይ ነው፤ አፋቸው ሆዳቸው ሥር። ጅራታቸው ላይ ደግሞ መርዘኛ እሾህ አለ። ዐረቦቹ ሉኽማ ይሏቸዋል። ብዙዎቹ ዘመዶቻቸው ባሕር ውስጥ ነው የሚኖሩት፤ እነዚህ ግን ከደቡብ አሜሪካ ወንዝ የመጡ፣ ጨው የሌለበት ውኃ የለመዱ ናቸው። በአጭሩ፣ ሊበሉ የማይመቹ፣ ሊዳሰሱ የሚያስፈሩ፣ ጠዋት ማታ አሽከር የሚፈልጉ። አቡ ማጂድ በፍቅር ወደቀ።

የሱቁ ሠራተኛ ኡስማን የሚባል ሱዳናዊ ነበር። እሱ አያያዛቸውን ሲያስረዳ አቡ ማጂድ ፎቶ እያነሣ ለዘመዶቹ ይልካል። ስለዚህ ትምህርቱ በሙሉ የገባው በእኔ ጆሮ ነው። የቧንቧ ውኃ እንዲሁ አይጨመርም፤ መጀመሪያ ክሎሪኑን የሚያጠፋ መድኃኒት ይገባበታል። ሙቀቱ ከፍ ዝቅ አይልም። ሹል ድንጋይ ገንዳው ውስጥ አይቀመጥም። እጅ ሲገባ ቀስ ብሎ፣ በፊት ለፊት ነው፤ ከኋላ ከመጡባቸው ይወጋሉ። «ከወጉህ» አለኝ ኡስማን፣ «በረዶ እንዳታስነካ ወንድሜ። ሙቅ ውኃ ነው መድኃኒቱ። የምትችለውን ያህል የሚያቃጥል፣ ግን ቆዳ የማይልጥ። ከዚያ በቀጥታ ሐኪም ቤት።»

ከዓሦቹ ጋር ወረቀታቸውንም ተረከብን። የትውልድ አገር፣ የጤና ምስክር፣ የመግቢያ ማኅተም፣ አንድም የጎደለ የለም። መንፉሐ በሚባለው ሌላው የሪያድ ሰፈር አበሻ በየቤቱ እየታፈሰ ከወጣ ገና ዓመቱ ነበር። ስንቱ ጓደኛዬ ወረቀት የለህም ተብሎ በለበሰው ልብስ ብቻ አገሩ እንደገባ የማውቅ ሰው፣ በዓሣ ቀናሁ ብል ትፈርዱብኛላችሁ?

ሴቲቱ አሚራ፣ ማለትም ልዕልት ተባለች፤ ወንዱ ሱልጣን። ጌታ፣ ልዕልትና ሱልጣን በአንድ ሳሎን ተሰበሰብን ማለት ነው፤ ከሦስታችን ሥራ የነበረው ግን አንዱ ብቻ ነው። ጠዋት ሽሪምፕ ልጬ አበላለሁ፣ ማታ አሸዋውን አጸዳለሁ፣ በየሁለት ቀኑ ውኃ እቀይራለሁ። ቀስ በቀስ ለመዱኝ። እጄን ሳስገባ እየዋኙ መጥተው መዳፌ ላይ ይወጣሉ። ወድጃቸው ነበር ለማለት ያሳፍረኛል፤ ግን ሳልወዳቸውም አልቀረሁ።

በዚያው ዓመት ሠርጌ ለጥር ተቆርጦ ነበር። እጮኛዬ ሰናይት ደብረ ብርሃን የምታስተምር መምህርት ናት። እኔ ደግሞ አሠሪዬ የመውጫና የመመለሻ ፈቃድ ካላወጣልኝ አውሮፕላን አልሳፈርም። ስጠይቀው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «ኢንሻአላህ» አለኝ። ሳምንት ቆይቼ ደገምኩት። አሁን ቀና ብሎ አየኝና በእውነት ግራ የገባው ሰው መስሎ፣ «ዓሦቹንስ ማን ያያቸዋል?» አለኝ። ልጆችህ አሉ ስለው ሳቀ። ልጆቹን እኔም አውቃቸዋለሁ፤ ሳቁ ትክክል ነው።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ለአማት ምን ትላላችሁ? የሰናይት አባት አቶ ደምሴ ጋ ደወልኩና ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሁን አልኩ።

«ለምን?» አሉኝ።

«የማሳድጋቸው ዓሦች አሉ።»

«ስንት ናቸው?»

«ሁለት።»

«ሁለት ዓሣ» አሉ አቶ ደምሴ፣ «ጠብሰህ ብትበላቸውስ?»

ፋሲካ አለፈ፤ ፈቃድ የለም። ክረምት ገባ፤ በክረምት ማን ይዳራል? አሁን ሰናይት ራሷ ደወለች። ድምፅዋ ውስጥ ጩኸት የለም፤ እሱ ነው ያስፈራኝ። «ጌታቸው፣ ሌላ ሴት ካለች ንገረኝ። ዓሣ ነው አትበለኝ» አለችኝ። ማስረጃ ይሆነኛል ብዬ የአሚራን ፎቶ ላክሁላት። ከብዙ ቆይታ በኋላ አንድ መልእክት መጣ፦ «በዚህች ነው የተለወጥኩት?» ቀጥሎም ሌላ፦ «የሚመጣው ጥር ካለፈ ቀለበትህን ለእናትህ እመልሳለሁ።»

ከዚያ በኋላ ዓሦቹን በሌላ ዓይን አየኋቸው። አንድ ቀን ክሎሪን ማጥፊያውን ሳልጨምር ውኃውን ልገለብጠው ባልዲውን አንሥቼ ነበር። አሚራ እጄን ፍለጋ ወደ ላይ መጣች። ባልዲውን መልሼ አስቀመጥኩት። በራሴ ተናደድኩ፤ ግን ምን አጠፋች? ፈቃድ የከለከለችኝ እሷ አይደለችም።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ዐርብ ከሰዓት በኋላ፣ አቡ ማጂድ እንግዶች ጠራ። የሚስቱ ወንድምም መጣ። እኔ ሻይ እየቀዳሁ ነበር። ጨዋታው ወደ ጭልፊቱ ሲያዘነብል አቡ ማጂድ ተነሥቶ ወደ ገንዳው ሄደ። እነዚህ ዓሦች ያውቁኛል፣ ከእጄ ነው የሚበሉት አለ። ከእጁ በልተው አያውቁም። እጅጌውን ሲሰበስብ፣ «ባባ፣ በፊት ለፊት፣ ቀስ ብለህ» አልኩት። አለቃ ፋይል ተሸካሚውን እንደሚያይ አየኝና እጁን ከኋላ ከትቶ የአሚራን ጀርባ እንደ ፈረስ መታ መታ አደረገው።

ጅራቷ ሲወናጨፍ ያየ የለም። ውኃው ቀላ፤ አቡ ማጂድ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መሰለ። እንግዶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሐኪም ሆኑ። አንዱ በረዶ አለ፣ አንዱ ማር፣ አንዱ የወይራ ዘይት። የሚስቱ ወንድም ጭልፊት እንዲህ አያደርግም አለ።

እኔ ኩሽና ሮጥኩ። የሻዩን ፍል ውኃ በሳፋ ገልብጬ፣ ቀዝቃዛ ጨምሬ፣ በክርኔ ለክቼ መጣሁ።

«ጌታ፣ ልትቀቅለኝ ነው?» አለኝ።

«ባባ፣ አንተ እጅህን ክተት።»

እውነቱን ልናገር፤ ይህን ሰው ላብ በላብ ማድረግ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ። ሕክምና ሆኖ ይመጣል ብዬ ግን አላሰብኩም። ውኃው በቀዘቀዘ ቁጥር ሙቅ እጨምራለሁ፤ እሱ ትከሻዬን ጨምድዶ ይይዛል። ቆይቶ ትንፋሹ ተመለሰ። ሕመሙ እየሸሸ ሲሄድ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ «ምን ላድርግልህ? ጠይቀኝ» አለኝ።

«ጥር» አልኩት።

«ኸላስ» አለ፤ አለቀ፣ ተፈቀደ ማለቱ ነው። የሚስቱ ወንድም መስማቱን በዓይኔ አረጋገጥኩ፤ በዚያ ቤት ከእሱ የተሻለ ምስክር የለም።

ሐኪም ቤት አደረስኩት። ሐኪሙ ቁስሉን አጽድቶ፣ በሙቅ ውኃ መነከሩ ጥሩ ነው፣ ማን ያውቅ ነበር ብሎ ጠየቀ። «እኔ ነኝ ያዘዝኩት» አለ አቡ ማጂድ። እኔም አዎ አልኩ። ለጥር ስል የበለጠም እዋሽ ነበር።

በማግሥቱ ስልኩን አንሥቶ በደኅናው እጁ ነካ ነካ አደረገ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም፤ ፈቃዱ ወጣ። ዓመት ሙሉ የለመንኩት፣ አቶ ደምሴን ያሳቀቀው፣ ሰናይትን ያስለቀሰው ነገር የአንድ ጣት ሥራ ኖሯል።

እስክመለስ ኡስማን ዓሦቹን እየመጣ እንዲያያቸው ተደረገና ጥር ላይ ተጋባን። በሠርጉ ማግሥት አቡ ማጂድ ደወለ። መርቆን ሲያበቃ፣ «ሚስትህን ይዘሃት ና፤ ቪዛ አወጣላታለሁ» አለኝ። ጆሮዬን አላመንኩም። ከዚህ በፊት ስጠይቀው ለሾፌር የቤተሰብ ቪዛ አይሰጥም፣ ሕግ ነው ብሎኝ ነበር። ሰናይት ከጎኔ ሆና በምን ሥራ በለው አለችኝ።

«ልጆች ማሳደግ» አለ።

ሰናይት ፊቷ በራ። መምህርት ናት፤ ልጅ ትወዳለች። ልጅህ ማጂድ ወልዶ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«አይ፣ አሚራ ናት» አለ ደስታ በሞላው ድምፅ። «አራት ወለደች። ሌላ ገንዳ ገዝቻለሁ፤ አንድ ሰው አይበቃቸውም።»

ለሾፌር ሚስት ቪዛ የለም፤ ለዓሣ ሞግዚት ግን አለ።