የሎሚና የአመድ ምርጫ

በዚህ ዓለም እንደ ወዳጅ ለመቁጠር የሚያስቸግር ነገር የለም። በግ ቢሆን በበር እያሳለፉ ይቆጥሩታል፤ ወዳጅ በየትኛው በር ይገባል? እኔ ባዶ እጄን ሐይቅ ከተማ ገብቼ ባለሱቅ የሆንኩት የሚቆጠረውን ሁሉ ቆጥሬ ነው፤ የጎረቤቴን ማስነጠስ ሳይቀር። ወዳጆቼን ልቆጥር ስነሣ ግን ጉድ ፈላ።

የቅሬያችን፣ የእድራችን ማለት ነው፣ ዳኛ እርጅና ስለተጫናቸው፣ ድንኳን የሚያስተክል፣ ለቀብር ሰው የሚያዝ ሌላ ዳኛ መምረጥ ነበረብን። የታጨነው እኔና ጓደኛዬ ተሰማ ነን። “እኔ እንኳን ለሹመት አልጓጓም” እያልኩ ስዞር ሰነበትኩ። አፍ ዳገት አይፈራም አይደል? ሹመቱንስ በሕልሜም አየው ነበር።

እጅ አውጡ ቢባል ማን በማን ፊት ያወጣል? መላውን ያመጣችው ኬሚስትሪ የምታስተምረው ልጄ ሉባባ ናት። “አባየ፣ ፈሳሽ ራሱ ሒሳብ ይሠራል እኮ” አለችኝ። ሁለት ፈሳሽ አንድ ላይ ቢፈስ መደመር ነው፤ ሲገናኙ የሚጠፋፉ ከሆኑ ደግሞ መቀነስ ነው፣ የሚተርፈው የበዛው ነው። ሎሚና የአመድ ውሃ እንዲያ ናቸው። ይህንኑ ሲያሰሉ የሚውሉ ሊቃውንትም አሉ አለች። ደስታዬን አልቻልኩትም! ዕድሜ ልኬን በጣቴ ስደክም፣ ለካ ሎሚ ሒሳብ ያውቅ ኖሯል?

ሉባባ አንድ ማንኪያ ሎሚ አንድ ማንኪያ የአመድ ውሃን ልክ እንዲያጠፋ አመጣጠነቻቸው። በምርጫው ዕለት ከመጋረጃ ጀርባ ነጭ ባልዲ ተቀመጠ። እኔን የፈለገ አንድ ማንኪያ ሎሚ፣ ተሰማን የፈለገ አንድ ማንኪያ የአመድ ውሃ ይጨምራል። መጨረሻ ላይ እርድ ይገባበታል፤ አመዱ ከበዛ ይቀላል፣ አለዚያ ቢጫ እንደሆነ ይቀራል።

ተሰማ ገና ከበሩ “ይመር፣ ለአንተ ሎሚ ምን ያደርጋል? እንዲሁም ኮምጣጣ ነህ” አለኝ። የአንተ እጅስ አመድ አፋሽ መሆኑ ዛሬ ይለይለታል አልኩት።

ሰዉ አንድ በአንድ ገባ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ፉሽ፣ ፉሽ ይላል። እርዱ ገባ። ቢጫ! ከመቀመጫዬ ዘለልኩ። ሉባባ ግን “ቆይ አባየ” ብላ አንዲት ማንኪያ የአመድ ውሃ ጠብ አደረገችበት። ወዲያው ቀላ። ሎሚ ተርፎ ቢሆን ኖሮ ያቺን ማንኪያ ይውጣት ነበር። ለካ ከሁለታችንም የተረፈ የለም፤ ዜሮ!

ልጄ “ስሌቱ ሠራ!” ብላ ስትፈነድቅ እኔ ባልዲውን በባለሱቅ ዓይኔ አየሁ። አርባ ሰው ገባ ወጣ፤ ባልዲው ግን የሰማንያ ማንኪያ ያህል ይዟል። ይህ ምንድን ነው ብዬ ጮህኩ።

ከመራጮቹ አንዷ እትየ ዘምዘም ሳቋን ለቀቀችው። “ወላሂ ለአንተ አንድ ሎሚ ጨምሬልሃለሁ። ተሰማ ደግሞ ምን አደረገኝና ላስቀይመው? ለእሱም አንድ አመድ።” ሌላውም ራሱን ነቀነቀ። ሁሉም! ተሰማም መሬት መሬት ያያል። እኔስ? ለራሴ ብቻ ማፍሰስ ነውር መስሎኝ… ተዉኝ እስቲ።

ከዚህ ቤት ሳያዳላ እውነቱን የተናገረው ባልዲው ብቻ ነው፤ ዳኝነቱም ለእሱ ይሰጠው አልኩ ተናድጄ። የሚደግፍ እጁን ያውጣ ተባለ። ሁሉም አወጣ፤ አንዳንዱማ ሁለቱንም።