ሰኞ ጠዋት የሚያፏጩት ጠራዥ

በየመሥሪያ ቤቱ ሰኞ ጠዋት እያፏጨ የሚገባ አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው እግሩን እየጎተተ ደረጃውን ሲቆጥር፣ እሱ ሰርግ የተጠራ ይመስል ፊቱ በርቶ በሩን ይከፍታል። ሥራውን ይወዳላ! እኛ ምን በድለነው ይሆን እንዲህ የሚያሰቃየን?

የእኛው አፏጪ ምድር ቤት ነው የሚቀመጡት። በልቤ «ሊቀ ጠራዥያን» እላቸዋለሁ፤ ፊት ለፊት ግን «ጋሼ» ናቸው። የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዛግብት ሲቀደዱ በወስፌ፣ በክርና በሙጫ መልሰው ይጠርዛሉ። ከእሳቸው በላይ ባለው ፎቅ እኔ አለሁ፤ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ፣ ባለ ዲግሪ፣ አንዲት ነጥብ ከቦታዋ ብትወጣ እህል የማይወርድልኝ። ዲግሪዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ፉጨታቸው ወለሉን ሰንጥቆ ይመጣና እዚያው ዲግሪዬ ሥር ይቆማል።

አንድ ጊዜ ዋና ኃላፊው የንብረት ክፍል ሹም ሊያደርጓቸው ፈለጉ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሰፊ ጠረጴዛ፣ ዛፍ የሚያሳይ መስኮት። እኔ ያንን መስኮት ስድስት ዓመት ተመኝቼዋለሁ። ሊቀ ጠራዥያን ሙጫ በያዘው እጃቸው ወጡ፣ ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩና «ያምራል። ግን እዚህ ተቀምጬ ምን እነካለሁ?» ብለው ወረዱ። ቆሽቴ አረረ። እሳቸው እንቢ ያሉትን፣ እኔን «እሺ በይ» ብሎ የጠየቀኝ እንኳ አልነበረም።

የዓመት ፈቃድ ሲወስዱ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። አሥራ አምስት ቀን ተሰጥቷቸው በአራተኛው ቀን ብቅ አሉ። «ሙጫው ደርቆ እንደሆን ላየው ብዬ ነው።» በማግስቱ ባለቤታቸው ተከትለው መጡ። ጸሐፊያችን «ዛሬ ጎትተው ሊወስዷቸው ነው» ብላ በሩ ሥር ቆማ ጠበቀች። ሴትዮዋ ግን ለመዝገብ ሽፋን የሚሆን አሮጌ ሸራ ይዘው ነበር የመጡት። «እባካችሁ ይዋልላችሁ፤ ቤት ሲውል ወንበሮቼን ሁሉ ፈታትቶ ጨረሰብኝ» አሉን።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ምርጫቸውን ነው። በየሳምንቱ የሚጠረዙትን መዛግብት በመደርደሪያ ቁጥር አሰልፌ ዝርዝር እልክላቸዋለሁ። ዝርዝሬን የሻይ ብርጭቋቸው ሥር አንጥፈው የፈለጉትን ይሠራሉ። ስጠይቃቸው «ዛሬ የጠራኝ ይሄኛው ነው፣ እህት ዓለም» ይሉኛል። የጠራኝ! ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ስጠብቅ እኔን አንድም ቀን የጠራኝ ወረቀት የለም።

ቅናቴ ሥር አለው። ባለቤቴ ሠላሳ ዓመት ኢንሹራንስ ቤት ጽሕፈት ሠራ፤ እጁ የሚወደው ግን እንጨት ነበር። መላጊያ፣ መሮና መጋዝ ገዝቶ፣ ዘይት ቀብቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ አልጋ ሥር አስቀምጦ ነበር። «በሚቀጥለው ዓመት ለቅቄ አንዲት ጠባብ ቤት እከፍታለሁ» ይል ነበር። የሚቀጥለው ዓመት መጣ፤ እሱ የለም። ይኸው አሥራ አራት ወሩ። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ እቀመጣለሁ፣ ከእግሬ ሥር ደግሞ አንድ ሽማግሌ የባሌን ድርሻ ያፏጩብኛል።

ሌላ ሰው ሲቀና ሐሜት ይጀምራል። እኔ ፎርም አዘጋጀሁ። ባለ አራት ዓምድ፦ የመዝገቡ ስም፣ ምክንያት፣ ቅደም ተከተል፣ ያዘዘው። ዋና ኃላፊውንም አሳመንኩ። ሦስት ወር ይሞላ፤ ከዝርዝሩ ውጭ የተሠራው ከበዛ ምድር ቤቱ ይዘጋል፣ ሥራው ለውጭ ማተሚያ ቤት ይሰጣል። ይህንኑ በደብዳቤ አስታውቄ ፎርሙን ራሴ ይዤ ወረድኩ።

«ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱን ሥራ እዚህ ላይ ይሞላሉ።»

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉት። «ያዘዘው የሚለው ምንድን ነው?»

«ሥራውን ማን እንዳዘዘዎት ነዋ።»

«እውነቱን?»

«እውነቱን እንጂ! መዝገብ ቤት እኮ ነው ያለነው።»

«እንዲያማ ከሆነ ቀላል ነው» አሉና ፉጨታቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ።

ሦስት ወሩ ሲሞላ ፎርሞቹን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁ። ስልሳ አንድ መስመር። ያዘዘው፦ እኔ። ያዘዘው፦ እኔ። ያዘዘው፦ እኔ። በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ድረስ እኔ፣ እኔ፣ እኔ! ከስልሳ አንዱ መስመር በዝርዝሬ ተራ የተሠራው ዘጠኝ ብቻ ነው። አለቀላቸው። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳሁ። ግን ያላነበብኩትን ነገር አልፈርምበትምና ምክንያት የሚለውን ዓምድ ከላይ ጀመርኩ።

«የጋብቻ፣ ጥራዝ ስድስት። ለፍቺ የሚመጡት በንዴት ስለሚገልጡት ማዕዘኑ አልቋል።»

«የልደት፣ ጥራዝ ሁለት። የትምህርት ቤት ምዝገባ ደርሷል፤ እናቶች ይሻሙበታል።»

እንዲህ እያልኩ ወርጄ አሥራ ሰባተኛው መስመር ላይ ደረስኩ።

«የሞት፣ ጥራዝ ሠላሳ ሦስት። አዲስ ነው፤ መድከም አልነበረበትም። ነገር ግን ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ብቻውን ገጽ መቶ አሥራ ስምንት ላይ ይከፈታል። በየቀኑ እዚያ የሚከፍተው ሰው አለ ማለት ነው። ገጹ እንዳይላቀቅ ጀርባው በሁለት ክር ተጠናክሯል። ቅደም ተከተል፦ ከሁሉ በፊት።»

ገጽ መቶ አሥራ ስምንት፣ ሦስተኛው መስመር፣ ባለቤቴ ነው።

ማንም ሰው መዝገብ ሲከፍት ፈርሞ ነው የሚል ደንብ አለን፤ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አሥራ አራት ወር ሙሉ በየማለዳው፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ ሳልፈርም ስከፍት ኖሬያለሁ። ለራሴ የምለው የስሙን ፊደል ላረጋግጥ ነው። አንድ ስም አሥራ አራት ወር ይረጋገጣል?

የራሴን ዝርዝር አወጣሁና ጥራዝ ሠላሳ ሦስትን ፈለግኩት። በመደርደሪያ ቁጥር ተራው የሚደርሰው በሚቀጥለው ዓመት ነበር።

ቀይ እስክሪብቶውን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ወረድኩ። ሊቀ ጠራዥያን መርፌያቸው ላይ ክር ያስገቡ ነበር።

«ጋሼ፣ የማን ገጽ እንደሆነ ያውቁ ነበር?»

«እኔ የማየው ጀርባ ነው፣ እህት ዓለም። ስም አላነብም።»

ውሸታቸውን ነው፤ ሲዋሹ ጆሯቸው ይቀላል።

«ቢዘጋብዎትስ ምድር ቤቱ?»

«ደብዳቤሽን አንብቤዋለሁ» አሉ፤ ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው። «እውነቱን ሙላ አልሽኝ፣ ሞላሁ። ጠዋት ጠዋት ግን በሁለት እጅሽ ደግፈሽ ክፈቺው። ሙጫው ገና ልጅ ነው።»

ለዋና ኃላፊው ያቀረብኩት ዘገባ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። «ዝርዝሩ ስሕተት ያለበት ሆኖ ተገኝቷል። ዝርዝሩን ያዘጋጀችው ፈራሚዋ ናት።» ምድር ቤቱ እንደተከፈተ ነው። ፉጨቱም አላቆመም፤ እንዲያውም ብሶበታል። አሁንም እቀናባቸዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ሰኞ አይለቅም።

በማግስቱ ግን ካፖርቴን አወለቅኩ፤ ጥራዝ ሠላሳ ሦስትን ፈርሜ ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁ። ከዚያ አንድ ባዶ ፎርም ስቤ የሥራዬን የመጀመሪያ መስመር ሞላሁ።

«የሞት መዛግብት፣ ሁሉም። አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ብቻቸውን የሚከፈቱትን መለየትና ወደ ምድር ቤት መላክ። ምክንያት፦ ሰው አላቸው። ቅደም ተከተል፦ ዛሬ። ያዘዘው፦ እኔ።»