ከአንድ ድስት የሚበሉ

የአዲስ አበባን ሰው ስለ ጎረቤቱ ቤት ጠይቁት፤ ጣሪያው ስንት ቦታ እንደሚያፈስ፣ ባልና ሚስቱ በምን እንደተኳረፉ ሳይቀር ይዘረዝርላችኋል። ስለ ራሱ ቤት ስትጠይቁት ግን “ለምን ፈለጋችሁት?” ይላል። ይህን ያወቅኩት የቤቶችን ሁኔታ ለማጥናት ተቀጥሬ፣ መጠይቄን አንግቤ ከኦሎምፒያ እስከ ካዛንቺስ በር ለበር ሳንኳኳ በከረምኩበት ዘመን ነው።

እርግጥ ጥያቄዎቹም ቢሆኑ ሰው ያስኮርፋሉ። ግድግዳው ከምን ተሠራ? ኮርኒስ አለው? መጸዳጃው የግል ነው የጋራ? እናንተስ ብትሆኑ፣ ቁርሳችሁን ሳትጨርሱ አንድ ጎረምሳ መጥቶ ስለ መጸዳጃችሁ ቢጠይቃችሁ ወንበር ትስቡለታላችሁ? ያም ሆኖ እኔ ቆራጥ ነበርኩ። ስንሠለጥን አንድ ሕግ አጥብቀው አስተምረውናል፤ አብረው እየኖሩ ከአንድ ድስት የሚበሉ ሁሉ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ድስቱ ከተለየ ቤተሰቡም ተለየ ማለት ነው። ይህችን ሕግ እንደ ዳዊት እደግማት ነበር።

እትዬ ዘነበች ቤት የገባሁትም እሷኑ እየደገምኩ ነው። የቀበሌ ቤታቸው አንዲት ክፍል ናት። መሐሏ በመጋረጃ ተከፍሎ ከወዲህ እሳቸው፣ ከወዲያ ልጃቸው ትዕግስት ከባሏ ጋር ይኖራሉ። ባልየው ለገሃር ታክሲ ይነዳል፤ ሌሊት ሲያስነጥሰው ከመጋረጃው ማዶ “ይማርህ” የሚሉት አማቱ ናቸው። ስንት ቤተሰብ ናችሁ ብላቸው እትዬ ዘነበች ሳያመነቱ “ሁለት” አሉ። ድስቱስ? ድስቱ አንድ ነው። ሕጉን አስረድቼ፣ እንግዲያው አንድ ናችሁ ብዬ ልጽፍ ስል እጄን ያዙኝ። ለካስ ሰፈሩ ሊፈርስ ነው እየተባለ ይወራል፤ አንድ ቤተሰብ ተብሎ የተመዘገበ አንድ ቤት፣ ሁለት የተባለ ሁለት ቤት ይሰጠዋል ይባላል። ኧረ ይህ ጥናት ቤት አይሰጥም፣ ለቁጥር ብቻ ነው ብዬ ማልኩላቸው።

“አንተ ምን ቸገረህ ልጄ፣ ብቻ ሁለት በል” አሉኝ። “የልጄ ትዳር በመጋረጃ እስከ መቼ ነው? እኔን እያፈረች ይኸው እስካሁን አልወለደችም።”

አንጀቴን በሉት። ሕግ ግን ሕግ ነው፤ ነገ መጥቼ እጨርሳለሁ ብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ ስመለስ ከመጋረጃው ወዲያም አዲስ የከሰል ምድጃ ላይ አዲስ ድስት ተጥዶ ይንተከተካል። የትዕግስት ምስር ነው፣ የእናትየው ሽሮ። እኔስ የዋዛ ነኝ? ለታይታ የተጣደ ድስት አያታልለኝም፣ ስትበሉም አያለሁ ብዬ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። ምሳ ቀረበ። እናት ከወዲህ፣ ልጅ ከወዲያ፣ እኔ እንደ ድንበር ጠባቂ መሐል። እትዬ ዘነበች የጠቀለሉትን ጉርሻ አንስተው መልሰው ያስቀምጡታል። ከመጋረጃው ወዲያም የሚያኝክ ሰው ድምፅ የለም። በመጨረሻ አልቻሉም መሰለኝ፣ “ጎረቤት፣ ምሳ በላሽ?” አሉ ጮክ ብለው።

“እየበላሁ ነው፣ እትዬ” አለች ልጅቷ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ የተናነቃት አላወቅኩም።

ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እየተባለ ባደገ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ሕግ መጫን ግፍ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ደግሞስ ሁለት ምድጃ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ምሳ በዓይኔ አየሁ፤ ሕጉ ከዚህ ሌላ ምን ይላል? “ሁለት ቤተሰብ” ብዬ ጻፍኩ።

ጻፍክ? አሉኝ። ጻፍኩ። በእርሳስ ነው በእስክሪብቶ? በእስክሪብቶ።

ይህን ጊዜ ብድግ ብለው መጋረጃውን ሰበሰቡት። ትዕግስትም ድስቷን አንጠልጥላ መጥታ ምስሩን ከእናቷ ሽሮ ጎን፣ እዚያው ትሪ ላይ ገለበጠችው። ኧረ እትዬ ዘነበች፣ ዓይኔ እያየ! ብዬ ጮህኩ።

“ምን ሆንክ?” አሉ፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ወደ እኔ እየዘረጉ። “ሕግህ ከአንድ ድስት የሚበሉ አይደል የሚለው? እኛ የምንበላው ከሁለት ነው።”