ለኳስ ተጫዋቹ የዘገየ ለቅሶ

ሠርግ ብንቀር እንታማለን፤ ለቅሶ ብንቀር ግን ቂም ይያዝብናል። ስለዚህ መርዶ ዘግይቶ ቢደርሰን እንኳ በሰማንበት ቀን ሄደን እንቀመጣለን። አርባ ዓመት ቢያልፍስ? እንዳትስቁ፤ እኛ በተማሪነታችን፣ በፈረንጆቹ ሰባዎቹ፣ ፈረንጅ አገር፣ ፌርፋክስ ከሚባል ሰፈር አጠገብ ይህ ጥያቄ ገጥሞናል።

የምንኖረው ሚስ ዶሮቲ ከሚባሉ አሮጊት ጓሮ ቤት ተከራይተን ነበር። አንድ እሑድ ቧንቧው ማፍሰሱን ልነግራቸው ብገባ፣ ግድግዳው ላይ የአንድ ባለሪዝ ሰው ፎቶ አየሁ፤ ጣቶቹ እንደ ዝንጅብል ተጣመዋል። አባታቸው ናቸው። በፈረንጆቹ አሥራ ዘጠነኛ ምዕተ ዓመት፣ ጓንት ማድረግ ፈሪ በሚያሰኝበት ዘመን፣ የቤዝቦል ኳስ በባዶ እጃቸው እየቀለቡ ደመወዝተኛ ነበሩ። ጣታቸው ሲሰበር ቡድኑ አሰናበታቸውና አናጢ ሆነው ኖሩ። ከአርባ ዓመት በፊት ሲሞቱ ከጓደኞቻቸው አንድም ሰው አልመጣም።

"እኔና ቄሱ ብቻ ቀበርናቸው" አሉኝ፣ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው።

ከሁላችን በዕድሜ ለሚበልጠው ለጋሼ በላቸው ብነግረው ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ሶ፣ ሰምተን ዝም ልንል ነው?"

"ጋሼ፣ ፎርቲ ይርስ እኮ ነው!"

"አንተ የሰማኸው ዛሬ ነው።"

ሽምብራ ቀቅለን፣ ጥቁር ኮት ተበዳድረን፣ አራት ሆነን ገባን። ሚስ ዶሮቲ ደነገጡ፤ ነገሩ ሲገባቸው ግን ንፍሮውን ጨው ነስንሰውበት ወደዱት። ጋሼ በላቸው "በእኛ አገር ሦስት ቀን እንቀመጣለን" አላቸው። ፈረንጅ የተባለውን ያምናል። በማግስቱ ከክፍል ስንመለስ ወንበሮቹ ተደርድረው፣ ጎረቤታቸው ሚስተር ፍራንክም ተጠርተው ይጠብቁናል። ፈተና ነበረብኝ። ምን ይደረጋል፣ ተቀመጥኩ።

ታሪኩ በየቀኑ እየገፋ ሄደ። ተጫዋቹ በባቡር ከከተማ ከተማ ሲዞሩ፣ ሕዝቡም ስማቸውን ሲጠራ ሰማን። በመጨረሻው ቀን ሚስ ዶሮቲ ቀሪውን ነገሩን። አባታቸው ጣታቸው በተሰበረበት ዕለት ጨዋታውን እስከ መጨረሻ ተጫውተዋል፤ ከዚያ ቡድኑ ባቡር ሲሳፈር ለእሳቸው ትኬት አልተቆረጠም። ሴትየዋ ያኔ አለቀሱ። ጋሼ በላቸውም ቤዝቦል በእጅ ይሁን በእግር ሳያውቅ አብሮ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

"አባቴን ገና ዛሬ ቀበርኩ" ብለው ወንበሮቹን ወደ ቦታቸው መለሱ።

በሳምንቱ በራችን ተንኳኳ። ሚስተር ፍራንክ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል።

"እናቴ የሞተችው ከጦርነቱ በፊት ነው፤ በርባንክ ከተማ" አሉ። "ያኔ ማንም አልመጣም። አሁን ረፍዷል?"

ጋሼ በላቸው በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና፣

"ማን ይባሉ ነበር?" አላቸው።