ስድስተኛው ፒኤችፒ

እኛ መቼም የምናስታርቀው አናጣም። ባልና ሚስት ቢጣሉ፣ ወሰንተኞች በአንድ ክንድ መሬት ቢካሰሱ፣ ሽማግሌ ይቀመጥና «አንተም ተው፣ አንተም ተው» ተብሎ ነገሩ መሃል ላይ ይቆረጣል። ለመሬት ሠርቷል፤ ለትዳርም አንዳንዴ ይሠራል። ለኮምፒዩተር ይሥራ አይሥራ ግን፣ እናንተዬ፣ ገላን ኮንዶሚኒየም እስክገባ አላውቅም ነበር።

የእድራችን መርዶ የሚነገረው በጥሩንባ ነው። ጥሩንባ ነፊያችን ጋሽ ወርቁ በየብሎኩ ሥር እየቆሙ ሲነፉ፣ አብዛኛው አባል ሰርቪስ ተሳፍሮ መሃል ከተማ ገብቷል። ቀብር እያመለጠን ስንቸገር፣ ቂሊንጦ ፋብሪካ የሚሠራው ጎረቤታችን ቢኒያም ለእድሩ ድረ ገጽ ሠራ፤ ሰው ሲሞት ስልክ ከፍቶ ማየት ነው። ጋሽ ወርቁ ይህን ሲሰሙ ጥሩንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይወለውሉ ጀመር። ከእሷ ሌላ እንጀራ የላቸውም፤ እውነቱን ለመናገር አሳዘኑኝ።

ድረ ገጹን የሚያስቀምጥልን ድርጅት አንድ ነገር ጠየቀ። ከጀርባ የሚያሠራው ፒኤችፒ የሚባል የኮምፒዩተር ቋንቋ ስንተኛው ይሁን፣ አምስተኛው ወይስ ሰባተኛው? ቢኒያም የጻፈው በአምስተኛው ነው፤ እሱ ግን አርጅቶ ጠባቂ ሊያጣ ነው። ሰባተኛው አዲስ ነው፤ የቢኒያም ሥራ ግማሹ እዚያ ላይ አይሄድም። ቢኒያም ፈረቃ ላይ ስለነበር፣ ቢሮዬ ኮምፒዩተር አለ ተብሎ እኔ ለኮሚቴው እንዳስረዳ ተደረገ። አስረዳሁ። ባላስረዳ ይሻል ነበር።

ሰብሳቢው አቶ ታደሰ «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል፤ አምስት!» አሉ። ገንዘብ ያዧ ወይዘሮ ዘነበች ደግሞ «አዲስ እያለ በአሮጌ ልንቀበር ነው?» ብለው ተነሡ። ነገሩ ከረረ፤ ድንኳን ሲገዛ የተቋጠረ ቂም ሁሉ ተፈታ። በመጨረሻ የእድሩ ሽማግሌ አባባ ደምሴ ከዘራቸውን አነሡ።

«ለቁጥር ብሎ ጎረቤት አይቀያየምም። እናንተ አንድ ጨምሩ፣ እናንተ አንድ ቀንሱ። ስድስት ይሁን።»

አጨበጨብን። በዚያ ዘመን ከላይ እስከ ታች፣ በሙሉ ድምፅ ያልጸደቀ ነገር የጸደቀ አይመስልም ነበር። እኔም እጄን አወጣሁ፤ ከአምስት ቀጥሎ ስድስት እንደሚመጣ ማን ይጠራጠራል?

ቢኒያም ከፈረቃ ሲመለስ ነገርኩት። ራሱን ያዘ።

«ጋሼ፣ ስድስት እኮ የለም! ጀምረውት ነበር፤ አልሆን ሲላቸው ትተውት ወደ ሰባት አለፉ።»

ተያይዘን አቶ ታደሰ ዘንድ ሄድን። በሙሉ ድምፅ የጸደቀን ኮሚቴ አይሽረውም፣ ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራ አሉን። ደግ። በእድራችን ደንብ ጠቅላላ ጉባኤ የሚጠራው በጥሩንባ ነው።

ጋሽ ወርቁን ለመንናቸው። ጥሩንባቸውን አገላብጠው አዩና «ጉንፋን ይዞኛል ልጄ፣ ትንፋሽ አጠረኝ» አሉ። ይማርዎ ብለን ተመለስን። ይኸው ከዚያ ወዲህ ሰው ሲሞት ጥሩንባቸው ቂሊንጦ ድረስ ይሰማል፤ ጠቅላላ ጉባኤ ስንል ግን ያስላቸዋል።