የጋሽ ዘነበ ጉርሻ

ደብረ ብርሃን ቁርጥ ቤት ገብታችሁ አጉራሽ የሚባል ፍጡር ገጥሟችሁ ያውቃል? ደግ ሰው ይመስላችኋል አይደል? እኔም መስሎኝ ነበር።

ባለፈው እሑድ ጎረቤቶቼ ጋሽ ዘነበና ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ቁርጥ ጋበዙኝ። እትዬ አስካለ ገና ስንቀመጥ «እኔ እንኳ ሥጋ ብዙም አይሆንልኝም» ብለው ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ትሪው መጣ፤ ሻኛው መሐል ላይ እንደ ሙሽራ ተኮፍሷል። እጄን ስዘረጋ ጋሽ ዘነበ «በሞቴ!» ብለው አጎረሱኝ። ጅማት! በሞቴ የተባለ ሰው ይተፋል እንዴ? እኔ ከጅማቱ ጋር ስታገል እሳቸው ለስላሳ ለስላሳውን ሥጋ ይሰለቅጣሉ። እንደምንም ስውጠው ሌላ ጅማት ይመጣል።

በመጨረሻ ከሻኛው አንዲት ቁራጭ ቀረች። እኔም ነቃሁ፤ ከጅማት ሁሉ ክፉውን መርጬ፣ በእንጀራ ጠቅልዬ «በሞቴ ጋሼ!» አልኳቸው። ወግ ነውና አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን እኔንም መልሰው አጎረሱኝ። እጄን ወደ ሻኛዋ ስሰድ ያዙኝ፤ የሳቸውንም ያዝኩ። እንዲህ ተያይዘን፣ አፋችን ሞልቶ፣ ዓይን ለዓይን ተፋጠጥን።

እትዬ አስካለ ሻኛዋን ቀስ ብለው አነሱ፤ አዋዜ አስነክተው ጎረሱና፣ «ምነው ዝም አላችሁ?» አሉን፤ «ተጫወቱ እንጂ!»